ያልተጠየቅሁት ጥላ

ወሬ ስጀምር ከሩቅ ነው የምጀምረው። ተማሪዎቼም ልጆቼም በዚህ ሲያሙኝ ኖረዋል፤ እናንተም ትንሽ ታገሡኝ። አንጓች እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ከተማ አንደኛ ደረጃ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባሌን የቀበርሁ ሴት ነኝ። አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን እኔ አሳደግሁ። እነሱ ራሳቸውን ሲችሉ የራሴን ልጆች አሳደግሁ። የመጨረሻዋ ልጄ ሥራ የያዘች ዕለት በሬን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ጋደም አልሁና ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ «ተመስገን፣ ጨረስሁ!» አልሁ። ጎረቤት ሰምቶኝ ቢሆን አበደች ይል ነበር።

ክርስቲያንስ ነበርሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዴታ! ጾም አላፈርስም፣ እሑድ ከቅዳሴ አልቀርም፣ የጽዋ ማኅበር ተራዬ ሲደርስ ጠላዬ እስከ ወሩ ይወራለታል። ሰዎች «ማን እንደ መምህርት አንጓች!» ሲሉኝ አንገቴን ደፋ አድርጌ «ኧረ እኔ ምን አለኝ፣ ያልበቃሁ ኃጢአተኛ ነኝ» እላለሁ። ይህቺን መልሴን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ታላቅ እህቴ እትዬ ደብሬ ቡሬ ሳይደረስ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ገጠር ነው ያገባችው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ዝግባ ማርያም ትባላለች። አንድ ክረምት እሷ ዘንድ ሰንብቼ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ። ባሕር ዳር ያለው የበኩር ልጄ ቢንያም ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። ማታ ነው፣ ዝናብ ነው፣ መኪና የለም። እግሬ ወሰደኝና የዝግባ ማርያም በር ላይ፣ ከድንጋዩ ደፍ ላይ ተንበረከክሁ። ያልሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እመቤቴ፣ ልጄን ብቻ መልሺልኝ እንጂ የፈለግሽውን እዘዢኝ። ምንም ቢሆን እምቢ አልልሽም።»

ከዚያ ዝም አልሁ። መልስ የለም፤ ዝናቡ ብቻ ነው። ዝምታው ሲከብደኝ ከራሴ ጨመርሁበት፦ «ጥላ አመጣልሻለሁ። ወርቀ ዘቦ ያለው ጥላ።»

ቢንያም ዳነ። እኔም በሚቀጥለው ዓመት ጥላውን ገዝቼ ስለቴን ላደርስ ተነሣሁ። ደግሞ ሌላም ጉዳይ ነበረኝ፤ እህቴን ልሰናበት ነው። ቢንያም ባሕር ዳር ከቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል አዘጋጅቶልኛል። የፍኖተ ሰላሙን ቤቴን የሚከራይ ሰው ተገኝቷል። ዕቃዬን ሸክፌያለሁ። ከእንግዲህ ማንንም ሳላጥብ፣ ማንንም ሳላበላ፣ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወክ እያደረግሁ ልኖር ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ጥላውን በላስቲክ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ።

«እማማ፣ እሱን ከላይ እንጫነው» አለኝ ረዳቱ።

«ራስህን ከላይ ጫን!» አልሁት። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

አጠገቤ ወደ ቡሬ ጨርቅ የሚወስዱ ሐጂ ተቀምጠዋል። ላስቲኩን አዩና «ስለት ነው እንዴ እመቤት?» አሉኝ።

«አዎን፣ የማርያም ጥላ ነው።»

«እንግዲያማ እኔ ልጠጋ» ብለው ከወንበሩ ዳር ላይ ተንጠለጠሉ። «ስለት ከባድ ነው። ሰጥቶ መገላገል ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ ሰጥቶ መገላገል ነው» አልኋቸው። ከልቤ ነበር ያልሁት።

ነገ ከነገ ወዲያ መንገድ ይዘጋል የሚል ወሬ በመኪናው ውስጥ ነበር። እኛ አገር አሁን መንገድ ለምን እንደሚዘጋ ማንም ለማንም አያስረዳም፤ ሰው ልቡን አስተካክሎ ያድራል። እኔ እሑድ አስቀድሼ ወዲያው ልመለስ ወሰንሁ።

እሑድ በጠዋት፣ ደወል ሳይደወል ከእትዬ ደብሬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደረስን። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሞላ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው ኮምጠጥ ይላል።

«አባ፣ ስለቴን ቀድመው ይቀበሉኝ፤ መንገድ ሳይዘጋ ልመለስ ነው» አልኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ እሳት ልትጭሪ ነው የመጣሽ?» አሉና ላስቲኩን ፈቱት። ጥላው ሲዘረጋ ቀይ ከፋዩ፣ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ወርቀ ዘቦ በጠዋት ፀሐይ አበራ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እትዬ ደብሬ በኩራት ግራና ቀኝ አየች። እኔም ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለል አለኝ። ተገላገልሁ።

እልልታው ሳያባራ ከወደ ክርስትና ቤቱ፣ ሕፃናት ከሚጠመቁባት ትንሽ ቤት በኩል ሳል ሰማሁ። የሕፃን ሳል ነው፤ ደረቅ፣ ቀጭን። አንድ ወጣት ገበሬ ሕፃን ታቅፎ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ወንድ ልጅ ሕፃን ታቅፎ፣ ጡጦ ከኪሱ ወጥቶ ሲታይ በገጠር ያልተለመደ ስለሆነ ዓይኔ እዚያው ቀረ።

«አበጀ ነው» አለችኝ እትዬ ደብሬ በሹክሹክታ። «የባሌ የወንድሙ ልጅ። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት። ዛሬ የልጅቷ ሰማንያ ነው፤ ልትጠመቅ ነው።»

ሰማንያው የሴት ልጅ የክርስትና ቀን መሆኑን ታውቃላችሁ። ነገር ግን ክርስትና የምታነሣት ሴት፣ የሟቿ ጓደኛ፣ ከዱርቤቴ ትመጣ የነበረችው አልደረሰችም። መንገዱ ወሬው እንዳለው ሌሊቱን ተዘግቷል። ስልኳም አይሠራም።

ቄስ ሞላ ወደ አበጀ ጠጋ ብለው «ምን ይሻላል?» አሉት።

«እኔ ምን አውቃለሁ አባ፤ እርስዎ ያሉኝን ነው።»

«እኔማ ውሃውን ባርኬ አጠምቃታለሁ። ከእጄ ላይ የሚቀበላት ከሌለ ግን ለማን አደራ ልበል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። በዚያ ደብር ዘመድ ለዘመድ ክርስትና አያነሣም። ክርስትና ባዳን ዘመድ ማድረጊያ ነው፤ ክርስትና ያነሣችው ሴትና ወላጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጅ ይባባላሉ። ዘመድን ዘመድ ማድረግ ምን ይጠቅማል ይላሉ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ያ የዚያ አጎት፣ ያቺ የዚህ አክስት። በዚያች ጠዋት ከቆሙት ሴቶች አንዷ የአበጀ ወገን ካልሆነች የሟች ሚስቱ ወገን ናት። እትዬ ደብሬም የአጎት ሚስት ናት።

ቄስ ሞላ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያዩ መጥተው እኔ ላይ ቆሙ።

ወይ ጉዴ! ሆዴ ቀድሞ ነው የነገረኝ።

«መምህርት፣ አንቺ ለዚህ ሰፈር ባዳ ነሽ አይደል?» አሉኝ።

«እኔ?» አልሁ፤ ከኋላዬ ሌላ መምህርት የቆመች ይመስል።

ክርስትና ማንሣት ጥሩ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ልጆች አንሥቻለሁ። ነጭ ቀሚስ ገዝቶ፣ በዓመት በዓል ጠይቆ መኖር ነው። ይህች ግን እናት የላትም። እናት የሌላት ልጅ የክርስትና እናቷ ማን እንደምትሆንላት ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ይህ የታመመ ሕፃን ነው፣ ጡጦ ነው፣ ሐኪም ቤት ነው፣ ትምህርት ቤት ነው። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ በዓይኔ ዞረ፤ የባሕር ዳሯ ክፍል ደግሞ ከዓይኔ ጠፋች።

አንገቴን ደፋሁ። «አባ፣ እኔ ለዚህ የበቃሁ ሴት አይደለሁም» አልሁ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። «አቤት ትሕትና!» አለች አንዷ። እምቢ ብዬ ተመሰገንሁ።

ቄስ ሞላ ግን አላመሰገኑኝም። «እሱ ለሁላችንም ነው። ሌላስ ምክንያት አለሽ?»

«እህል እኮ...» ብዬ ጀመርሁ፤ ክርስትና የሚነሣው በጾም ነውና ቁርስ በልቻለሁ ልል ነው ነገሩ። እግዜር ይስጣት እትዬ ደብሬ ምኑንም ሳትረዳ ቀደመችኝና «ኧረ አባ፣ ውሃ ባፏ አልዞረም! ማታ እንኳ እራት በይ ብላት ነገ አስቀድሳለሁ ብላ በጊዜ ነው የተኛችው!» አለች። በዓይኔ ልውጣት ምንም አልቀረኝም።

«ሩቅ ልሄድ ነው አባ» አልሁ በመጨረሻ። «ባሕር ዳር ልጄ ዘንድ ልገባ ነው። ዕቃዬ ታስሯል። አደራ ተቀብሎ ጥሎ መሄድ ኃጢአት አይደለም?»

ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች። ሽማግሌው «እሺ ልጄ። በግድ የሚነሣ ክርስትና የለም» ብለው ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም እቆጣና እኩል እንሆን ነበር።

አበጀን ላለማየት ስልክ እንደተደወለለት ሰው ስልኬን ይዤ ከቅጥሩ ወጣሁ። በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥሁ። ቢንያም ጋ ደወልሁ፤ አይይዝም። ውስጥ ዲያቆናቱ ሲንቀሳቀሱ ይሰማኛል። የቅዳሴው ደወል ከተደወለ ጥምቀት የለም፤ ለሌላ እሑድ ይተላለፋል። ይደወልና እፎይ ልበል እያልሁ ነበር የምጠብቀው። አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጬ እንደዚያ እያልሁ ነበር።

ጥቂት እንደቆየሁ አበጀ ሕፃኗን ታቅፎ ወጣ። ሲያየኝ ደነገጠ። ሊለምነኝ ነው ብዬ ምላሴን አሹዬ ጠበቅሁት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንዴ ይያዙልኛል? ከዚያች ጉብታ ላይ ኔትወርክ አትጠፋም። የክርስትና እናቷን ልሞክራት።»

ብልጠት ነው ብዬ ፊቱን አየሁት። ብልጠት የለበትም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። ሰጠኝና ወደ ጉብታው ሮጠ።

ልጅቱ ምንም አትመዝንም። በአሮጌ ነጠላ ነው የተጠቀለለች፤ የእናቷ እንደሆነ መገመት አያቅትም። የረጋ ወተት ትሸታለች። አታለቅስም። ዓይኗን ገልጣ ትክ ብላ ታየኛለች።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አልኋት። «እኔ አይደለሁም የዘገየሁት። የዱርቤቴዋን ጠይቂ።»

አሳላት። ትንሽ ደረቷ ስትስል በሙሉ ይነቃነቃል። እጄ ሳላዘው ቀና አድርጎ ያዛት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረገ። ታናሽ ወንድሜን እንዲህ ይዤዋለሁ። ቢንያምንም። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ ተናደድሁበት።

አበጀ ባዶውን ተመለሰ። «አይይዝም» አለኝ። ሕፃኗን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ስታስል ስላየ መልሶ እጁን አጠፈና ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ሐኪም አየልህ?»

«ቡሬ ወስጃት ነበር። ሳንባዋ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተውኛል፤ እየሰጠኋት ነው። ካልተሻላት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዳት ብለውኛል። መንገዱ ይኸው።»

«ለሌላ እሑድ ይደርሳል እኮ» አልሁት። ማንን እንደማጽናና አላውቅም።

መሬቱን በጣቱ ጫር ጫር አደረገ። «እትዬ፣ እኔ የምፈራው ሞቷን ብቻ አይደለም። እሱ የፈጣሪ ነው። ሳትጠመቅ ብትሞትብኝ ከቅጥሩ ውጭ ነው የምትቀበረው። እናቷ ግን ውስጥ ናት።» በአገጩ ወደ ቅጥሩ፣ ጽዱ ሥር ወዳለ አዲስ አፈር ጠቆመኝ። «አብረው ሳይኖሩ ተለያዩ። እንደገና ልለያቸው ነው።»

የነጠላውን ጫፍ ሰብስቤ እግሯን ሸፈንሁላት።

«በእርስዎ ግን አልፈርድም» አለኝ ቀና ብሎ። «እኔም ሸሽቻታለሁ። ሚስቴ የሞተች ሰሞን ለእናቴ ጥያት እርሻ ላይ አድር ነበር። ሰው ጠልቷት ነው አለኝ፤ ልጅ እናቱን ገደለ ብሎ የሚጠላ አለና። አልነበረም። ወድጃት እንደሆነ፣ ከዚያ እሷም ከሄደችብኝ፣ እንዴት ልሆን ነው ብዬ ፈርቼ ነው። ኋላ እናቴ ታመመችና ግድ ታቀፍኋት። እንደፈራሁትም ሆነ። ወደድኋት።»

ይህን ብሎ እንደገና አንዴ ልሞክር ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ ጉብታው ሄደ።

እናንተዬ፣ ያኔ ነው የት እንደተቀመጥሁ ያየሁት። ያ ድንጋይ ደፍ። በዚያ ዝናብ ማታ የተንበረከክሁበት። «የፈለግሽውን እዘዢኝ፣ እምቢ አልልሽም» ያልሁበት። ጥላ አምጪ ያለኝ አልነበረም። ጥላውን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ዝምታው ሲያስፈራኝ፣ ሌላ ነገር ሳልጠየቅ በፊት ቀድሜ የሰጠሁት። የሚሰጠውንም፣ የሚሰጥበትንም ቀን፣ ከዚያ በኋላ የምሄድበትንም አገር እኔው ወስኜ ነበር። እመቤቴ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ይኸው ዛሬ የፈለገችውን አዘዘችኝ። እኔ ደግሞ ምን አልሁ? አልበቃሁም።

ውሸቴን ነው! ልጅ ለማሳደግ ካልበቃሁ በምድር ላይ ለምኑ ልበቃ ነው? የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ስለማልችል አልነበረም እምቢ ያልሁት። እንደምችል ስለማውቅ ነው። አንዴ ከታቀፍኋት እንደማላስቀምጣት አውቀው ነበር።

ከውስጥ አንድ ዲያቆን ወደ ደወሉ ሲሄድ አየሁ። ያን ጊዜ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወድቆ እየጎተትሁት «ቆይ! ቆይ! እንዳትደውል!» እያልሁ ገባሁ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ገበያ ሴት ጮኽሁ። አበጀም ከጉብታው ላይ ሰምቶ፣ ልጁ የሞተች መስሎት እየሮጠ መጣ።

ቄስ ሞላ ከክርስትና ቤቱ በር ላይ ናቸው። ልጅቱን በእጄ አዩ፤ እኔን አዩ። «እንግዲህ?» አሉኝ።

ልናገር ብል እንባዬ ቀደመኝ። ሌላ ቃል ቢጠፋኝ ያንኑ ደገምሁት፦ «አባ፣ አልበቃሁም።» አሁን ግን እውነቴን ነበር።

«እሱንማ ሰማን» አሉ። «ማን በቃሽ አለሽ? እኔስ በቅቼ ነው ይህን የተሸከምሁት? ልጅቱ የበቃ ሰው አልጠየቀችም። የሚቀበላት ሰው ነው የጠየቀች። በይ፣ ወደ ምዕራብ ዙሪ።»

ዞርሁ። ስለ እሷ ሆኜ «እክህደከ ሰይጣን» ስል ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፄ ተሰባበረ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ሃይማኖቷን መሰከርሁላት። ውሃው ሲነካት እስከዚያ ድምፅ ያልነበራት ልጅ እሪታዋን አቀለጠችው። እንዲያ ያለ የሚያምር ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አበጀ በር ላይ ቆሞ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ቄስ ሞላ ሕፃኗን ከውሃው አውጥተው እጄ ላይ አኖሯትና ማዕተቧን አሰሩላት። «አደራሽን» አሉኝ። ሁለተኛ አልደገሙትም። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ፤ የዓለም ስሟ ግን እናቷ በሆዷ ሳለች ትጠራት የነበረው የኔዓለም ነው።

ከቅዳሴ በኋላ አበጀ እግሬ ላይ ሊወድቅ መጣ። «ተነሥ አበልጄ» አልሁት። «ይልቅ መድኃኒቷን በስንት ሰዓት ነው የምትሰጣት? አሳየኝ።»

መንገዱ ለቀናት አልተከፈተም። እነዚያን ቀናት እትዬ ደብሬ ቤት ልጅቷን ታቅፌ ሰነበትሁ። መንገዱ በተከፈተ ማግስት እኔና አበጀ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይዘናት ገባን። አስተኟት። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ስትወጣ ግን ወተት ይመጠንላት፣ ለክትትል ትመላለስ ተባለ፤ ከገጠር መመላለሱ የማይሆን ነበር። ልጅቱን ከአበጀ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ይዣት ገባሁ። ቤቴን ሊከራይ ለነበረው ሰው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ለቢንያም መንገሩ ነበር የከበደኝ።

«እማዬ፣ ክፍሉን እኮ ቀለም ቀባሁት» አለኝ።

«አከራየው ልጄ።»

«እንደገና ልትጀምሪ ነው?» አለኝ። ቅር እንዳለው ከድምፁ ይታወቃል።

«አንተ እንድትተርፍ የተሳልሁት ስለት ነው» አልሁት። «ጥላው አልበቃም ተባልሁ።» ሳቀ፤ ሲስቅ እኔ ማልቀሴን እግዜር ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ማርና ወተት ሆነ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ወገቤ ታሞብኛል። የኔዓለም ስታለቅስ አድራ ጠዋት «ምን አቅብጦኝ!» ያልሁበት ቀን አለ፤ ዛሬም አንዳንዴ እላለሁ። የሐይቁ ዳር ወክም ትዝ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ከዚያች ድንጋይ ላይ ተምሬ ተነሥቻለሁ። እኛ ክርስቲያኖች ለእግዚአብሔር መስጠት አይከብደንም። ጥላ በሉን፣ መጋረጃ በሉን፣ ሻማ በሉን፣ እንሰጣለን፤ ስንሰጥም እልል ይባልልናል። የሚከብደን እሱ ሲመርጥ ነው። የመረጠው ሁልጊዜ እኛ ያልጠቀለልነው፣ ላስቲክ የሌለው፣ የሚያስል ነገር ነው። ከዚያም የምንሸሽበትን በር አናጣም። ከሁሉ የሚሻለው መሸሻ ደግሞ ትሕትና ነው፤ ማንም አይወቅሳችሁም፣ እንዲያውም ከንፈር ይመጠጥላችኋል። እስቲ «አልበቃሁም» ያላችሁበትን ነገር መለስ ብላችሁ እዩት። አልበቃችሁም ወይስ አልፈለጋችሁም? ካልፈለጋችሁም ምንም አይደለም፣ ቢያንስ አልፈለግሁም በሉ። እውነቱን ከተናገረ ሰው ጋር እግዚአብሔር መነጋገር ይችላል። እኔን ያነጋገረኝ እንደዚያ ነው።

ከክርስትናው በኋላ በነበረው ሳምንት ቄስ ሞላን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አግኝቻቸው «አባ፣ ጥላዬን የት አደረጉት?» ብዬ ነበር። መቼም ሰው ነኝ፤ ትንሽ መመስገን አምሮኛል። በሩን ገፋ አደረጉልኝ። ግድግዳው ላይ ጥላ በጥላ ላይ ተደርድሯል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ገና ከላስቲኩ ያልወጣም አለ። የእኔው ከመሃል ተሰቅሏል።

«ቆንጆ ጥላ ነው፤ ማርያም ታክብርሽ» አሉኝ። «ጥላ እንኳ ነበረን።»

ዘንድሮ ለሰኔ ማርያም የኔዓለምን ይዣት ወደ ዝግባ ማርያም ሄድሁ። አሁን ሮጣ የምታመልጥ፣ ለሁሉ ነገር ለምን የምትል ልጅ ሆናለች። አባቷ ከበሩ ላይ ጠበቃትና ትከሻው ላይ አወጣት፤ መጀመሪያ ወደ ጽዱ ሥር፣ ወደ እናቷ መቃብር ወሰዳት። ኋላ ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሕዝቡ ሲተራመስ ከእጄ አመለጠችኝ። ቀና ስል ጥላ ከያዙት ዲያቆናት መካከል ከእኔው ቀይ ጥላ ሥር ቆማለች። ዲያቆኑ ሊያባርራት ሲል ቄስ ሞላ በእጃቸው ተዋት አሉት። እሷ ጥላው የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ዝናብ እንዳይነካት ነው የገባችው። እኔ ውጭ በስብሼ ቆሜ ስታየኝ በትንሽ እጇ ጠራችኝ።

«እማ፣ ነይ ግቢ!» አለችኝ። «ሰፊ እኮ ነው።»